ቴዲ አይቀየምም

ፖሌት የታጠበ ፎጣ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ባሏ ዋረን መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ ወንድሟን ከሥራ ሲያሰናብት ሰማችው። መጀመሪያ ስልክ የሚያወራ መስሏት ነበር። አንዱን ነገር በሦስት ዓይነት ድምፅ ሲደጋግመው ግን እግሯ ባለችበት ቀረ። «ቴዲ፣ ከሁሉ በፊት ምን ያህል እንደማከብርህ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ» አለ በወፍራሙ። ጉሮሮውን ጠረገና አለሳለሰው። «ቴዲ... ከሁሉ በፊት...» የቧንቧው ውሃ ተከፈተ፤ ተዘጋ። «ውሳኔው የሥራ መደቡን እንጂ አንተን የሚመለከት አይደለም። አሁን ምን እንደሚሰማህ ይገባኛል። ብታዝንም እውነትህን ነው።» ከዚያ ዝም አለ፤ መስታወቱ ውስጥ የቆመው ቴዲ መልስ እስኪሰጠው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። «እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻ ቀንህ መሆኑን ስነግርህ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ምላጩን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ተሰማ።

መኝታ ቤት ገብታ የታጠፉትን ፎጣዎች ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። እጇ ሥራ ካልያዘ የምትጮህ መሰላት። ዋረን ፊቱ ለስልሶ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ መጣና በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት አደርሽልኝ?» አላት። እንደዚህ ሲጠይቅ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ መልሱን እስክትጨርስ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ነው የሚጠብቀው። ከመጽሐፍ የተማረው ነው። ዋረን የመኪና መስታወት የሚያከፋፍል ትልቅ መጋዘን ውስጥ የፈረቃዎቹ ሁሉ ኃላፊ ነው፤ የተሾመ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሰው እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ በራሱ ገንዘብ እየገዛ አልጋው ራስጌ መከመር ያዘ። የሰው ልብ እንዴት እንደሚነበብ፣ ራስን እንዴት ማነሣሣት እንደሚቻል፣ ክፉ ወሬ እንዴት በመልካም እንደሚነገር የሚናገሩ ናቸው። መኪናው ውስጥም አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ሰው ያነብለታል። እውነቱን ለመናገር ፖሌት መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። አባቱ ዝምተኛ፣ እሱም ዝምተኛ፤ በትዳራቸው ብዙውን ጊዜ እራት ላይ የሚሰማው የሹካ ድምፅ ብቻ ነበር። መጽሐፎቹ አፉን ፈቱለት። ቀንሽ እንዴት ዋለ ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ የጀመረው በእነሱ ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን «ወገቤን አሞኛል» ስትለው «ወገብሽን አሞሻል ማለት ነው» እያለ የራሷን ቃል መልሶ ይሰጣት ጀመር። አንድ ቀን የጎረቤታቸው ውሻ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህበት «ተናደሃል ማለት ነው» ሲለው ሰምታ፣ ሳቋ ከሆዷ እንዳይወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነው ወደ ቤት የገባችው።

«ደህና» አለችው አሁን።

ወጥ ቤት ገብተው ለቁርስ ተቀመጡ። ዋረን እንቁላል ደርዘኑ አምስት ዶላር እንዳለፈ አነሣ፤ እሷም ቅቤውም እንደዚያው ነው አለች። የውጪው በረዶ ቀልጦ ደጁን ጭቃ እንዳደረገው ተነጋገሩ። ወቅቱ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ነው፤ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ ዓርብ ዓርብ ማታ እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄደው የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ፣ ከቴዲ ጋር ሦስት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ላይ። ቴዲ ሥራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ለእራት የሚፈቀድለትን እረፍት ይዞ በሥራ ልብሱ ይመጣና በልቶ ይመለሳል። ፖሌት ቡናዋን እያማሰለች «ዛሬም ቴዲ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። ዋረን በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። «ለምን አይመጣም?» አለ። አሁን ይነግረኛል ብላ ጠበቀች፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፣ እሱ እንደሚያደርገው ዓይን ዓይኑን አየች። ዋረን ግን ዳቦውን ጎረሰ፣ ተነሣ፣ ግንባሯን ሳማትና ጃኬቱን ይዞ ወጣ። መኪናው ከግቢ ሲወጣ የዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ሰው ንግግር በተዘጋው መስኮት ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

ፖሌት የምትሠራው የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዓርብ ልጆቹ የሚበሉት አይብ ያለበት ፒዛ ስለሆነ ሥራው ከሌላው ቀን ይቀላል፤ እሷ ግን ያን ቀን ሁለት ትሪ አሳረረች። ምድጃውን ከፍታ ለምን እንደከፈተችው ይጠፋታል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብታ ባዶ እጇን ትወጣለች። ለቴዲ ትደውል ዘንድ ስልኳን ታነሣለች፤ ደግሞ ምን ልለው ብላ ትመልሰዋለች። እስከ እኩለ ሌሊት ሠርቶ የሚገባ ሰው ነው፤ ተኝቶ ይሆናል። እንደዚህ ዓይነቱ ነገር በስልክ ይነገራል? ደግሞስ የሷ ነገር ነው? ዋረን ባሏ ነው፤ የሥራውን ምሥጢር ከበር ኋላ ሰምታ መዝራት ምን ይባላል? ሌላም ነገር ውስጧን ይበላት ነበር። ከቴዲ በኋላ የተቀጠሩ፣ በየሰኞው የሚቀሩ፣ መስታወት በየጊዜው የሚሰብሩ ሰዎች እዚያ መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ዋረን ራሱ ለእራት ወሬ ሲያወራት የኖረ ነው። ታዲያ ለምን ቴዲ?

አብራት የምትሠራው ጆይስ ያረረውን ፒዛ ወደ ቆሻሻ እየገለበጠች «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ፍቅር ይዞሻል ወይስ ወባ?» አለቻት።

«ጆይስ፣ በምትወጂው ሰው ላይ የሚመጣ ክፉ ነገር እንዳለ ብታውቂ ቀድመሽ ትነግሪዋለሽ?»

«ስለ ባሌ ከሆነ አትንገሪኝ። ቅዳሜና እሑዴን አታበላሺብኝ» አለች ጆይስ። ከዚያ የፖሌትን ፊት ስታይ ትሪውን አስቀመጠች። «እኔ ብሆን... መስማቴ ካልቀረ ከሚወደኝ ሰው ብሰማው ይሻለኛል። ያውም ቤቴ ቁጭ ብዬ።»

ልክ እዚያ ላይ የፖሌት ስልክ ጮኸ። ቴዲ የጻፈላት መልእክት ነበር። «እህትዓለም፣ ዛሬ ዋረን ከሥራ ሰዓት በፊት ቀደም ብለህ ቢሮዬ ና ብሎኛል። ስትወጪ በቤት በኩል እለፊ፤ የማሳይሽ ነገር አለ!» ይላል። መጨረሻው ላይ የሚስቅ ፊት አለበት። ፖሌት የወጥ ቤት ሽርጧን ሳታወልቅ ኮቷን ደርባበት ወጣች።

ቴዲ የሚኖረው ከወንዙ በስተ ሰሜን፣ ወላጆቻቸው ትተውላቸው በሄዱት ቤት ነው። ሰፈሩ ድሮ ሁሉም ከፖላንድ የመጣ ሰው የነበረበት ነው፤ አሁን ግማሹ ቤት ባዶ ነው፣ ግማሹ በረንዳው ተጣሟል። የቶሊዶ ከተማ አስተዳደር ባዶ ቤት አፍርሶ ሣር ያበቀለበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ በየመካከሉ ይታያል። ቴዲ ግን ደጁን ይጠርጋል፤ የእናታቸውን ቢጫ መጋረጃ እንኳ አልቀየረም። ስትገባ ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ቴዲ በውስጥ ካናቴራ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ሰማያዊ ሸሚዝ ይተኩሳል። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ፈገግ ሲል ግን ድሮ ትምህርት ቤት ታደርሰው የነበረው ልጅ ነው። ከካውያው አጠገብ አንድ መጽሐፍ ተከፍቶ ተደፍቷል። ዋረን ለገና የሰጠው ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ የቡና ኩባያ ክብ አርፎበታል፣ ውስጡ ብዙ ቦታ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

«ሠላሳ ዶላር፤ ያውም ቅናሽ!» አለ ሸሚዙን አንሥቶ እያሳያት። «እይው እስቲ፣ አለቃ አለቃ አይሸትም?»

ፖሌት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኮቷን አላወለቀችም። ቴዲ ካውያውን እየገፋ ያወራ ጀመር። የቡድን መሪው ጋስ ለአዲስ ዓመት ጡረታ ወጥቷል፤ ቦታው እስካሁን ባዶ ነው። ዋረን በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ እሱ የሚነዳው ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ጋ መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎለት «አንተ እኮ ለዚህ ቤት ብዙ የለፋህ ሰው ነህ» ብሎታል። ትላንት ደግሞ «ነገ ረጋ ብለን እንነጋገር» አለው። ረጋ ብለን! ቴዲ ካውያውን አቆመና መጽሐፉን ገልብጦ ጣቱን በቢጫው ላይ አሳረፈ። «አየሽ? እዚህ ጋ ይላል። ጥሩ መሪ ሰውን ወደ ላይ ከማውጣቱ በፊት ለብቻው ጠርቶ ያነጋግረዋል ይላል። እኔ እንደምታውቂኝ መጽሐፍ ላይ ደካማ ነኝ፤ ይሄን ግን ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ዋረን ሲሰጠኝ ለካ ያዘጋጀኝ ኖሯል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማዬ ብታይ» አለ።

ፖሌት ቢጫውን መስመር አየች። ይህ ልጅ እንዴት እንደኖረ ታውቀዋለች። እሷ የተዳረች ቀን የሚወስደው መኪና ረስቶት ሲሄድ በዝናብ በእግሩ መጥቶ፣ ጫማው ውሃ እየተፋ «ምንም አይደል» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ጥላው ወደ ፍሎሪዳ ስትሄድም ምንም አይደል። አባታቸው መኪናውን ለአጎታቸው ልጅ ሲሰጥበትም ምንም አይደል። ቤተሰቡ ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ አንድ ነገር የሚጎድል ሲሆን ከቴዲ ድርሻ እንዲጎድል ለምዷል፤ እሱ ዘንድ ጩኸት የለማ።

«እሺ አሁን ተነሺና ወደዚያ ተቀመጪ» አላት ቴዲ ሸሚዙን ትኩሱን እየለበሰ። «አንቺ ዋረንን ሁኚ። እኔ በበሩ እገባለሁ። ሲነግረኝ ደንግጬ እንዳልዘላብድ መልመድ አለብኝ።»

«ቴዲ፣ ተወኝ፣ እኔ...»

«እህትዓለም ሙች! አንድ ጊዜ ብቻ። ኮስተር በይ፤ እንደሱ ፀጉርሽን ደባብሺ።»

ወጥቶ በሩን ዘጋ። አንኳኳ። ፖሌት በእናቷ ጠረጴዛ ላይ፣ በሞቀው ብርድ ልብስ ፊት፣ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። «ግባ» አለች፤ ድምፁ ከሷ የወጣ አልመሰላትም። ቴዲ ገባ። አቋሙን አስተካክሎ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ጫፉን ነክቶ ተቀመጠ። «ደህና ዋልክ ዋረን። ፈልገኸኝ ነበር?» አለ። የሸሚዙ አንገት ገና ስላልለመደው አገጩን ወደ ላይ ይገፋው ነበር። ፖሌት አየችው። ቴዲ «በይ እንጂ» በሚል ዓይን ቅንድቡን አነሣላት።

«ቴዲ» አለች። «ከሁሉ በፊት ምን ያህል እንደማከብርህ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።»

«እንዴ፣ ችለሽበታል! ቁርጥ እሱን!»

«ውሳኔው የሥራ መደቡን እንጂ አንተን የሚመለከት አይደለም።»

ቴዲ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ሰለለ። «እ? የቱ ውሳኔ?» ፖሌት ዓይኗ ሞልቶ ፊቱ ሁለት ሆኖ ይታያት ነበር፤ እዚያ ላይ ብታቆም ደግማ መጀመር እንደማትችል ስላወቀች ቀጠለች። «አሁን ምን እንደሚሰማህ ይገባኛል። ብታዝንም እውነትህን ነው። ዛሬ የመጨረሻ ቀንህ መሆኑን ስነግርህ...» ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማችውም ነበርና እዚያው ቀረ። እንባዋ ወረደ።

ካውያው ትስ አለ። ቴዲ ተነሥቶ ከሶኬቱ ነቀለው፤ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። በመንገዱ ላይ የቆሻሻ መኪና እየቆመ እየተነሣ አለፈ።

«እሱ ነው ንገሪው ያለሽ?»

«አይደለም። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ሰማሁት።»

«ሲለማመድ» አለ ቴዲ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሏት ተነሣች፤ ሲዞር ግን ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያልለየለት ፊት ነበረው። «እኔም እዚህ፣ እሱም እዚያ። ሁለታችንም ስንለማመድ ነው ያረፈድነው በይኛ።» ከዚያ እንደ ልማዱ «አትጨነቂ፣ ምንም አይደል» አላት፤ እንዲያውም እንባዋን በወጥ ቤት ፎጣ ጠረገላት። መቅረት ትችላለህ፣ ባትሄድስ ብትለው እምቢ አለ። ሸሚዙን ሊያወልቅ አንድ ቁልፍ ፈታና ተወው። «ገዝቼዋለሁ እኮ» አለ። የጭነት መኪናውን ቁልፍ ይዞ ሲወጣ በሩን እንደ እንግዳ ቤት በር በቀስታ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ፖሌት የት እንዳሳለፈችው ቢጠይቋት በቅጡ መናገር አትችልም። ቤቷ ሄደች፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሣች። ወደ ገበያ ማዕከል ነድታ አንድ ጋሪ እየገፋች በየመደርደሪያው መካከል ተመላለሰች፤ የማትፈልገውን የሻማ ማስቀመጫ አንሥታ ዋጋውን አየች፤ አሥራ አራት ዶላር፤ መለሰችው። መጽሐፍ የተደረደረበት ቦታ ስትደርስ የሚስቁ፣ እጃቸውን ያጣመሩ ሰዎች ከየሽፋኑ ላይ አዩዋት። ጋሪውን እዚያው ትታው ወጣች። መኪና ውስጥ ተቀምጣ ለዋረን ደወለች፤ አላነሣም። ለቴዲ ደወለች፤ አላነሣም። ሰማዩ አመድ መስሎ፣ ንፋሱ ከሐይቁ በኩል እየመጣ የመኪናውን በር ይገፋ ነበር። በመጨረሻ ወደ አዳራሹ ሄደች፤ ሌላ የምትሄድበት አጥታ።

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ረጃጅም የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች፣ ከላያቸው የተነጠፈ የወረቀት ጨርቅ፣ የትኩስ ዘይትና የሽንኩርት ሽታ። አንድ ሳህን ዓሣ ከጎመንና ከድንች ጋር አሥራ አምስት ዶላር ሆኗል፤ ሰው ሁሉ ስለ ጭማሪው እያጉረመረመ ይከፍላል። ከምግብ ማደያው ኋላ የቆሙት የሰበካው አሮጊቶች ናቸው፤ አለቃቸው ወይዘሮ ስታሲያ ማንኪያ ይዘው እንደ ጄኔራል ያዛሉ። ዋረን ቀድሞ ደርሶ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ይዞላት ነበር። ፊቱ ቢገረጣም ዘና ለማለት ይሞክራል። ሳህኗን ገፋላት፤ ሎሚ ጨመቀላት። ከዚያ አጎንብሶ «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ቴዲ ዛሬ ከሥራ ተቀንሷል» አላት። አልደነገጠችም። ዋረን ዝምታዋን ድንጋጤ አድርጎ ወሰደውና እጇን ያዘ። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ ከከሰዓት በኋላው ፈረቃ አንድ ሰው ቀንስ ተባልኩ። ግን ፖሊ፣ ብታይው እንዴት አድርጎ እንደተቀበለው! አልጮኸ፣ አልተነሣ። እንዲያውም እኔ ስንተባተብ አይዞህ አለኝ። እጄን ጨብጦኝ ነው የወጣው። ያወቀ ያህል ነበር።»

«ያውቃል። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

የዋረን እጅ ከእጇ ላይ ተነሣ። «አንቺ? ከየት...»

«የመታጠቢያ ቤቱ በር ስስ ነው።»

ዋረን ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ለጥቂት ጊዜ ጎመኑን በሹካ ገላበጠው። አጠገባቸው ያለው ቤተሰብ ስለ ቤዝቦል ያወራል፤ አንድ ሕፃን ወንበሩን ይደበድባል። ፖሌት ቀኑን ሙሉ ይዛው የዞረችውን ጥያቄ አወጣችው። «ለምን ቴዲ? ሩበን ትላንት የተቀጠረ ነው። ያ ሌላው ደግሞ በየሳምንቱ መስታወት ይሰብራል ብለኸኛል።» ዋረን መልስ ነበረው፤ የሥራ መደብ ነው፣ የውጤት መለኪያ ነው፣ ዘመድ አዝማድ እንዳይባል ነው አለ። እሷ አየችው። ዓይን ዓይኑን፣ ሳትንቀሳቀስ። እንደዚያ ሆኖ መታየቱን አልለመደውም ነበርና ቃላቱ አንድ በአንድ አለቁበት።

«ሩበንን ባሰናብት ጠበቃ ይይዝብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወርዶ። «ያኛው ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ያዋርደኝ ነበር። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ማን ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሥራዬ እኮ ነው ሰው ማወቅ። ቴዲ... ቴዲ አይቀየምም።»

ፖሌት ሹካዋን አስቀመጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ ባሏ መጽሐፉን የሚያነበው እንደ ጸሎት በቃሉ ለመያዝ ብቻ ነው፣ ወደ ልቡ አይገባም ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን በደንብ እንደገባው አየች። ወንድሟን ከእናቷ እኩል አውቆታል። አውቆት፣ መዝኖት፣ የት ቢወጉት እንደማይጮህ ለይቶ፣ እዚያው ላይ ነው የወጋው። ይህን ልትለው ስትል የዋረን ዓይን ከትከሻዋ በላይ አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

ቴዲ ገብቶ ነበር። ያ ሰማያዊ ሸሚዝ ከሱሪው ወጥቷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ወንዙ ዳር ሲዞር እንደዋለ ያስታውቃል። ሰልፉ ላይ አልቆመም። በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሻሸ፣ ሰላም የሚሉትን ሳያይ፣ ቀጥ ብሎ መጣና ከዋረን ፊት ቆመ። ዋረን ተነሣ። ፊቱ ላይ ያ የተለማመደው ርኅራኄ ሲሰበሰብ ፖሌት አየችው።

«ቅድም ቢሮህ ውስጥ አልተቀየምኩም ብዬህ ነበር» አለ ቴዲ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ሰምቶት የሚያውቅ ስላልነበረ በአጠገባቸው ያለው ወሬ ተቋረጠ። «ውሸት ነው። በእግሬ ስዞር አሰብኩት፤ ውሸት ነው። ተቀይሜሃለሁ ዋረን። ለገና መጽሐፍ ሰጥተኸኝ፣ ትከሻዬን እየደባበስክ፣ ሸሚዝ እስክገዛ ድረስ አሳምነኸኝ። እኔ ሞኝ ነኝ፤ ይሁን። ግን ለረጅም ጊዜ ነው የምቀየምህ። ይሄን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።»

ዋረን «ቴዲ፣ የሚሰማህ...» ብሎ ጀመረ።

«ዋረን!» አለች ፖሌት።

ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ፈልጎ አላገኘም፤ ሳህኑን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው አንድ ቃል ከአፉ ወጣ። «ፈርቼ ነው» አለ። «ሌሎቹን ፈርቼ ነው። አንተን አልፈራም።»

«አውቃለሁ» አለ ቴዲ።

ዋረን ጠበቀ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የቴዲን «ምንም አይደል» ሁሉም ያውቀዋል፤ ፖሌትም ሳታስበው ጆሮዋን አቁማ ነበር። አልመጣም። ቴዲ ወንበር ሳበ፤ ከዋረን ፊት ሳይሆን ከእህቱ ጎን፤ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን በወረቀቱ ጨርቅ ላይ ዘረጋቸው። ፖሌት ሳህኗን ወደ እሱ ገፋችለት። መብላት ጀመረ። ዋረን ግን አሁንም እንደቆመ ነው፤ መተላለፊያውን ዘግቶ፣ ከኋላው ትሪ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው። ይቀመጥ እንደሆነ፣ ይሂድ እንደሆነ፣ ይናገር እንደሆነ አያውቅም፤ እጆቹን እንኳ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። ወይዘሮ ስታሲያ ከምግብ ማደያው ኋላ ማንኪያቸውን አንሥተው ጮኹበት።

«አንተ ልጅ! ወይ ተቀመጥ ወይ መንገድ ልቀቅ፤ የሰው ዓሣ እየቀዘቀዘ ነው!»

አንዳንዱ ሳቀ። ዋረን ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሆኑ። ፖሌት ወንድሟ ሲያኝክ ጉንጩን ታያለች፤ ቀስ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ እስኪበቃው ሳይነሣ የሚበላ ሰው አኳኋን ነበር። ባሏ አንድ ሁለቴ ቀና ብሎ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እንደዚያ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው መሰላት።